እምቢ ያልኩበት ቱርክኛ

ቱርክኛ እችላለሁ። ሳቃችሁን ጨርሱና ልቀጥል። እርግጥ የምችለው ስም ብቻ ነው። ና፣ ሂድ፣ ብላ፣ ጠጣ የሚባለው ጋ ገና አልደረስኩም። ቤት፣ ሳጥን፣ ልጅ፣ መኪና ከተባለ ግን አምጡልኝ፤ የእኔ፣ የእናንተ፣ ወደ እሱ፣ ከእነሱ አድርጌ፣ ጭራ በጭራ ቀጣጥዬ እመልስላችኋለሁ። በዚህችው እውቀቴ ባለፈው ወር ሠርግ ላፈርስ ምንም አልቀረኝም ነበር። ሠርጉ ደግሞ የባዕድ አይደለም፣ የገዛ ልጄ ነው። ስለማታዩኝ ነው እንጂ ይህን ስነግራችሁ ፊቴ በርበሬ መስሏል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ሂክማ ኤምሬ የሚባል ቱርክ ወደደች። እዚሁ ፈረንጅ አገር፣ ትምህርት ቤት ነው የተዋወቁት። ልጁ የተረጋጋ ነው፤ ሰላት አያልፈውም፣ ጫማውን በር ላይ ሳያወልቅ አይገባም፣ ሲያናግሩት አንገቱን ይደፋል። እኔና ባለቤቴ ዘይነብ የቡታጅራ ሰዎች ነን። መጀመሪያ «ምናለ የአገር ልጅ ቢሆን» ብለን ትንሽ አጉረመረምን፤ ቆይተን ወደድነው። እንዲያውም ዘይነብ አሁን አሁን ቤት ሲመጣ ደህና ደህናውን ሥጋ ለእሱ፣ አጥንቱን ለእኔ ማውጣት ጀምራለች። ሶ፣ ጉዳዩ ያለቀ ነው። የቀረው ወጉ ብቻ ነበር፤ አባትና እናቱ ከኢዝሚር መጥተው ሊጠይቁን፣ እኛ ልንሰጥ።

ጭንቁ ቋንቋው ነው። ሰዎቹ እንግሊዝኛ አይችሉም። ዘይነብ ይህ ነገር አልዋጥላት አለ። የቱርክ ድራማ በአማርኛ ተተርጉሞ ስታይ ነው የኖረችው። «እንዴት አይችሉም? በቴሌቪዥን እኮ ካንተ የተሻለ አማርኛ ነው የሚያወሩት!» አለችኝ። ኤምሬ ያስተርጉም እንዳንል፣ ጠያቂውም እሱ፣ አስተርጓሚውም እሱ ሊሆን ነው። እኔ «እናስብበት» ስል እሱ «እሺ ብለዋል» ቢልስ? ሂክማም ትንሽ ትንሽ ተምራለች፤ ግን የምትጠየቅ ልጅ መሐል ገብታ የራሷን ጉዳይ ስታስተረጉም የት ታይቷል? እኔው ልማር አልኩ።

የምሠራው ሶዶ ነው፤ የአገር ቤቱን ሶዶ ሳይሆን እዚህ ያለውን ሰፈር ማለቴ ነው። መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት፣ ያንን የዕቃ ማንሻ መኪና፣ እነዳለሁ። በምሳ ሰዓት መኪናዬ ውስጥ እገባና ስልኬን መሪው ላይ አስደግፌ ቱርክኛ የምታስተምር አንዲት ሴትዮ እከፍታለሁ። ሴትዮዋ አንድ ስም ትይዝና ከኋላው ጭራ ትቀጥልበታለች። ቤት ኤቭ ነው። ቤቴ ኤቪም። ቤታችን ኤቪሚዝ። እኛስ ቤቴ፣ ቤታችን ስንል ከኋላ አይደል የምንቀጥለው? «ወላሂ ዘመዶቻችን ናቸው!» ብዬ ብቻዬን ጮህኩ። አጠገቤ ፓርክ ያደረገው ሰውዬ መስኮቱን ዘጋ። ልዩነታችን፣ እኛ ወደ፣ በ፣ ከ የምንላቸውን ከፊት እናስቀድማለን፤ እነሱ እነዚህንም ከኋላ ይጎትቷቸዋል። ወደ ቤት ኤቬ፣ በቤት ኤቭዴ፣ ከቤት ኤቭደን። ከቤቶቻችን ለማለት ሲፈልጉማ ኤቭሌሪሚዝደን ይላሉ፤ አንድ ሚስኪን ቤት ያን ሁሉ ተጎታች ይዞ ይሄዳል። ጭራው ደግሞ እንደ ሚዜ ነው፣ ከፊቱ ያለውን ድምፅ አይቶ ልብስ ይቀይራል። ኤቭ ላይ ዴ የነበረው፣ ኩቱ ላይ፣ ማለትም ሳጥን ላይ ሲመጣ ዳ ሆኖ ቁጭ።

ከሁሉ የገረመኝ የባለቤትነቱ ነገር ነው። የልጅቷን ቤት ለማለት ልጅቷም ላይ ምልክት ይለጠፋል፣ ቤቱም ላይ ምልክት ይለጠፋል። ኤርፖርት ላይ ሻንጣ ስትሰጡ አንዱን ወረቀት ሻንጣው ላይ፣ አንዱን ቲኬታችሁ ላይ እንደሚለጥፉላችሁ ማለት ነው። ንብረት የሚያዘው እንዲህ ነው አልኩ። ሥራ ላይም ያነሳሁትን ሳጥን ሁሉ ኩቱም፣ ኩቱን፣ ኩቱሱ እያልኩ ማንሳት ጀመርኩ። አንድ ቀን በ«ወደ» እና በ«ከ» ሐሳብ ተይዤ ሬንተን ከተማ የሚሄደውን ጭነት በሙሉ ቡሪየን ከተማ የሚሄደው መኪና ላይ ጫንኩት። አለቃዬ መጥቶ «አር ዩ ኦኬ?» አለኝ። «ኩቱሙዝ» አልኩት፤ ሳጥናችን ማለቴ ነው። ሄደህ ውሃ ጠጣ አለኝ።

ይሄ ሁሉ ባልከፋ። የከፋው ጉራዬ ነው። ጁምዓ ከሰገድን በኋላ ጫማዬን እያጠለቅኩ «ቱርክኛ እንግዲህ አልቋል» ማለት አመጣሁ። ሀጂ ነስሩ ሰሙኝ። ሀጂ እኛ በምንኖርበት ሬንተን ውስጥ ቅመምና ጤፍ የሚሸጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ማንም ሰው ሲያጭም ሲያስታርቅም እሳቸው ካልተቀመጡበት የተቀመጠ አይመስለውም።

«አለቀ?» አሉኝ።

«ስሙ አልቋል፣ ሀጂ።»

«ግሱስ?»

«ግስ ለምኔ ነው? እኔ ባለቤት ነኝ፤ የሚመጡት፣ የሚጠይቁት፣ የሚወስዱት እነሱ ናቸው።»

ሀጂ ሳቁና ወደ ቁም ነገሩ ገቡ። መቼም የእኛን ወግ ታውቁታላችሁ። ሴት ልጅ ስትጠየቅ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም። እሺ ያለ አባት ልጁን ከቤት ሊያስወጣ የቸኮለ ነው የሚመስለው። «የምንሰጠው ልጅ የለንም» ይላል፤ ሽማግሌዎቹ ይሄዳሉ፤ ተመልሰው ይመጣሉ፤ ደግሞ ይከለከላሉ፤ ደግሞ ይመጣሉ። ከልካዩም የውሸቱን እንደሆነ ያውቃል፣ ተከልካዩም ያውቃል። ይህን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ቢያንስ ለእኛ እንደዚያ ነበር የመሰለን። ቱርክ የሚያህል ትልቅ አገር ይህን አያውቅም ብሎ ማን ይጠረጥራል?

«ይከልከሉ» አሉ ሀጂ፤ «ግን በራሳቸው ቋንቋ ይከልከሉ። ክብራችንን ይወቁት።»

ሶ፣ ተቀመጥኩና አንድ ዓረፍተ ነገር ሠራሁ። «ኤቪሚዝዴ ሲዜ ቬሪሌጄክ ክዝምዝ ዮክ።» በቤታችን ለእናንተ የምትሰጥ ልጅ የለችንም። ቤታችን ላይ የእኛነቱ አለ፣ በቤት የሚለው አለ፤ እናንተ ላይ ለ አለ፤ ልጅ ላይ ደግሞ የእኛነቷ። መሐል ላይ ያለችውን «የምትሰጥ» ከሴትዮዋ፣ ገና ካልደረስኩበት ትምህርት ሰርቄያት ነው። ሻወር ቤት እላታለሁ፣ መንገድ ላይ እላታለሁ። አንዲት ጭራ አልጎደለችም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ መጡ። አባትየው ኦስማን ረጅም፣ ግራጫ ሱፍ የለበሱ፤ እናትየው ነርሚን አጠር ያሉ፣ አበባ በአንድ እጅ፣ በብር ሰሃን የተደረደረ ቸኮሌት በሌላው ይዘዋል። ኤምሬ ከኋላቸው ነው። ጫማቸውን አወለቁ። ገቡ። ገና «እንኳን ደህና መጣችሁ» ብዬ ሳልጨርስ ሶፋው ላይ ተቀመጡ።

ከእኔ ጋር ሊቀበሏቸው አጠገቤ የቆሙት ሀጂ ክርናቸውን ጎኔ ላይ ሰኩት። «ተቀመጡ እኮ!»

«አየሁ፣ ሀጂ።»

«ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሰው መልስ ሳያገኝ ይቀመጣል? ቤቱ የማን ነው?»

ዘይነብም በበኩሏ ወጓን ይዛለች። መልስ ሳይሰጥ የሰው ስጦታ ስለማይነካ አበባውንና ቸኮሌቱን ተቀብላ በር አጠገብ ጫማ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠቻቸው። መልስ ሳይሰጥ እህል ስለማይቀርብ ከጠዋት ጀምራ የጠበሰችውን ሳምቡሳ በፎይል ሸፍና ኩሽና ውስጥ ዘጋችበት። ሽታው ግን አልተዘጋም። እንግዶቹ ወደ ኩሽናው ያያሉ፣ እኛ ጣራውን እናያለን። ነርሚን «ሂክማ?» አሉ ፈገግ ብለው። ዘይነብ ወደተዘጋው መኝታ ቤት አሳየቻቸውና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። የምትጠየቅ ልጅ አትታይም። የሴትዮዋ ፈገግታ ቀስ ብሎ ሲጠፋ አይቻለሁ፤ አይቼ ግን ምንም አልመሰለኝም።

ኦስማን ጉሮሯቸውን ጠረጉና ተናገሩ። የአላህን ስም ጠሩ። ከዚያ «ክዝንዝ» ሲሉ ሰማሁ፤ ልጃችሁ! ቀጥሎ «ኦሉሙዛ»፤ ለልጃችን! ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ሰውዬው ልጄን እየጠየቁኝ እኔ ጭራ እየቆጠርኩ ነበር። ሲጨርሱ ኮቴን አስተካከልኩ።

«ኤቪሚዝዴ ሲዜ ቬሪሌጄክ ክዝምዝ ዮክ።»

ኦስማንና ነርሚን ተያዩ። ኤምሬ ፊቱ አመድ መሰለ። «አባ፣ ምናልባት...» ብሎ በእንግሊዝኛ ሲጀምር እጄን አነሳሁበት። «ቆይ ልጄ፣ እኔው ራሴ ልንገራቸው» አልኩና ያልተሰማ መስሎኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩላቸው።

«ዮክ?» አሉ ኦስማን፣ ቀስ ብለው።

«ዮክ!» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

ሰውዬው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ፤ ሚስታቸውን ክንዳቸውን ይዘው አስነሱ፤ ጫማቸውን አደረጉ፤ ሄዱ። በር ድረስ ሸኘኋቸው። እንዲያውም፣ አሁን ሳስበው ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ እላለሁ፣ ኦስማንን ትከሻቸውን መታ መታ አደረግኳቸው። ሀጂ «ማሻአላህ! ወግ ማለት ይሄ ነው» ብለው ሳምቡሳው እንዲመጣ አዘዙ።

ከመኝታ ቤት ልቅሶ ተሰማ። እኔ ልነሳ ስል ዘይነብ «ተዋት» አለችኝ። «ስትጠየቅ ማልቀስ ወግ ነው። እኔስ አላለቀስኩም?» እራት አልበላም አለች። «እኔስ በላሁ?» አለች ዘይነብ፣ ደስ ብሏት። በማግሥቱ ዓይኗ አብጦ ወደ ሥራ ወጣች። ዘይነብ በመስኮት እያየቻት «እዚህ ተወልዳ ይህን ሁሉ ከየት ተማረችው?» ብላ አላህን አመሰገነች። እኔም አመሰገንኩ። ምን ዓይነት ሰዎች እንደሆንን እዩ እንግዲህ።

ሁለተኛ የሚመጡበትን ቀን መጠበቅ ጀመርን። ዘይነብ ምንጣፉን አጠበች፤ ሌላ ሳምቡሳ ጠበሰች። ሀጂ በየቀኑ ኮል ያደርጋሉ።

«መጡ?»

«አልመጡም።»

«ሊያስተነፍሱህ ነው። አንተም ኮራ በል።»

ኮራሁ። ሥራ ቦታ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ፣ ኮርቼ፣ ሁለተኛውን እምቢታ በሌላ ጭራ እያሰማመርኩ ምሳዬን ስበላ ስልኬ ጮኸ። ኤምሬ ነው። እኔን አባ ከማለት በቀር ሌላውን በእንግሊዝኛ ነው የሚያወራው።

«አባ፣ ልሰናበትዎት ብዬ ነው። አባቴና እናቴ ቲኬታቸውን ቀይረዋል፤ ዛሬ ማታ ይሄዳሉ። ስላልወደዱኝ አልቀየምዎትም። ሂክማን ይጠብቁልኝ።»

ምሳዬን አስቀመጥኩ። «የት ነው የሚሄዱት? ገና መች ተመልሰው መጡና?» አልኩት።

«ተመልሰው?» አለ። «እርስዎ የለም አሉ እኮ።»

አለቃዬን ሆዴን አሞኛል ብዬ ወጣሁ። ቤት ስደርስ ሂክማ አልጋዋ ላይ ጫማዋን እንዳደረገች ተቀምጣለች። በሩ ላይ ቆሜ «ሂክማ፣ እምቢ ያልኩት እኮ የምሬን አይደለም» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «ምን?» አለች በእንግሊዝኛ።

«ወግ ነው። መጀመሪያ እምቢ ይባላል፣ ተመልሰው ይመጣሉ፣ ከዚያ እሺ ይባላል። አታውቂም እንዴ?»

«ማን ነገረኝ?» ይህን በአማርኛ ነው ያለችው።

እውነትም ማን ነገራት? እናቷ ስትጠየቅ የእኔ አባት ስንቴ እንደተመላለሰ አንድ ቀን እንኳ ቁጭ አድርጌ አውርቻት አላውቅም። ከኢዝሚር ለሚመጣ ሰው ምሳዬን እየተውኩ ጭራ ስለቅም ከረምኩ፤ እዚሁ ኮሪደሩ ማዶ ለምትተኛው ልጄ ግን የገዛ ወጓን ሳልነግራት አደገች። በሩን ተደግፌ ቆምኩ።

«ኤምሬ ከቱርክኛህ ስህተት ፈልጎ አጣ» አለችኝ፣ ዓይኗን በእጅጌዋ እየጠረገች። «አንዲት ነገር ብትሳሳት ኖሮ ወላጆቹን ቋንቋው አልሆነለትም ይላቸው ነበር። ቱርክኛህ በጣም ጥሩ ነበር፣ አባ።»

ቱርክኛዬን ያመሰገነኝ ሰው እሷ ብቻ ናት። ምነው ባልሰማሁት!

ወላጆቹ ያረፉት ቡሪየን፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ያለ ሆቴል ነው። ቁልፉን ሰጠኋትና ሂክማ ነዳች። መንገድ ላይ ሀጂ ኮል አደረጉ፤ ዘይነብ ነግራቸዋለች። «ምን ሰማሁ? የሴት አባት ራሱ ሄዶ ይለምናል? መኪናዋን አዙሯት!» አሉ። በሕይወቴ ሽማግሌ ላይ ስልክ ዘግቼ አላውቅም ነበር፤ ዘጋሁባቸው።

ኦስማንና ነርሚን ሎቢው ውስጥ፣ ኤምሬም አጠገባቸው፣ ሻንጣዎቻቸውን ከፊታቸው አቁመው ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ተነሱ፤ ጨዋነታቸው ይበልጥ ገደለኝ። በእጃቸው ወንበር አሳዩኝ። እንዴት ብዬ ልቀመጥ? ቆምኩ። አፌን ከፈትኩ። ያ ሁሉ ጭራ የት እንደገባ አላህ ይወቅ። ወደ የለም፣ ከ የለም፣ የእኔ የለም፣ የእናንተ የለም። ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል።

«ክዝ» አልኩ። ልጅ። «ክዝ... ቫር።» ልጅ አለ። ከዚያ በላይ አልመጣልኝም። ሂክማን በጣቴ አሳየኋቸውና፣ አፍሬ ልነግራችሁ ነው፣ አለቀስኩ። ሎቢው ውስጥ፣ ሰው ሻንጣ እየጎተተ በሚያልፍበት።

ሂክማ ቀሪውን በቱርክኛ ነገረቻቸው። እያቆመች፣ ቃል እየፈለገች ነው የምትናገረው፤ ጭራዎቹን ብዙ ቦታ ስትጥላቸው ሰምቻለሁ። ነርሚን አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ኦስማን ግን አልሳቁም። ኤምሬ ሲያስተረጉምልኝ እንዲህ አሉ፦ «በእኛ ዘንድ አባት የለም ካለ የለም ነው። ልጄን ምን ብዬ እንደማጽናናው ሳስብ ነው የሰነበትኩት።» ይቅርታ በቱርክኛ ምን እንደሚባል አላውቅም። ግስ ይኑረው ጭራ ይኑረው አላውቅም። እጃቸውን ይዤ ልስም ጎንበስ ስል ወደ ላይ ሳቡኝና አቀፉኝ። ከዚያ ወደ ሂክማ ዞሩና ለስለስ አድርገው አንድ ነገር ጠየቋት። ምን እንዳሏት አልገባኝም፤ ግስ የበዛበት ነበር። እሷ መሬት መሬት እያየች መለሰች። ነርሚን አቅፈዋት አለቀሱ። ጉዞው ቀረ፤ ኤምሬ ሻንጣዎቹን ይዞ ወደ ላይ ወጣ፤ በማግሥቱ ምሳ እኛ ቤት ሊሆን ተስማማን።

ስንመለስ ደስታዬ መኪናውን ሊሞላ ነው። ለዘይነብ ኮል አድርጌ ሳምቡሳ ጥበሺ አልኳት። ከዚያ «ቅድም ኦስማን ምን ብለው ነው የጠየቁሽ?» አልኳት ሂክማን።

«አንቺስ ትፈልጊያለሽ ወይ አሉኝ።»

«እኔም እኮ እንደምትፈልጊ አውቃለሁ» አልኩ።

«አልጠየቅከኝም።»

ሬንተን ገባን። ደጃችን ላይ ፓርክ ስታደርግ «ሂክማ፣ ትፈልጊያለሽ?» አልኳት።

«አዎ፣ አባ። በጣም።» ሞተሩን አጠፋችው። አልወረደችም። «እሑድ ዕለት እናንተ ስትበሉ ኤምሬ ደውሎልኝ ነበር። አባትሽ ባይፈቅዱም እንጋባ፣ ቀስ ብለው ይለምዱታል አለኝ። ለመነኝ።»

«ምን አልሽው?»

«አባቴ አይሆንም ካለ አይሆንም አልኩት። በቃ፣ እርሳኝ አልኩት።»

እዚህ አገር የተወለደ ልጅ የአባቱን ቃል ከምንም አይቆጥርም እያልኩ በየሰው ቤት የማወራው እኔ ነኝ። ሀጂ ጋ አውርቻለሁ፣ መስጂድ አውርቻለሁ፣ እሷው እየሰማች አውርቻለሁ። እኔ ሳምቡሳ እየበላሁ የቀለድኩባትን አንዲት ቃል እሷ ግድግዳው ማዶ ሆና አክብራት ነበር፣ የምትወደውን ሰው እስክትሰናበት ድረስ።

ዘይነብ መጋረጃውን ገልጣ «ምን ሆናችሁ ነው የማትወርዱት?» በሚል ዓይን ታየናለች። ሂክማ ወርዳ ገባች። እኔ ቀበቶዬን እንኳ አልፈታሁም፤ የምወርድበት ፊት አጣሁ።